የለም ያልኩት መሣሪያ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህችን አንዷን ምላሴ ሥር እያስቀረሁ «ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ ተነሥቻለሁ። እሳቸውም ምስኪን የማያውቁትን ሲፈቱ ኖሩ። ኃጢአቴ አንዲት ቃል ናት። «የለም» አልኩ። እያለ፣ የለም አልኩ። ሰው የገደለች ሴት ኑዛዜ ስትጠብቁ ከነበረ ይቅርታ፣ የኔ ይህ ነው። ስሙኝና ክብደቱን እናንተው ፍረዱ።

ጎባ ተወልጄ ጎባ ያደግኩ ሰው ነኝ። አያቶቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን ከሰፈር ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተጣላሁ በአማርኛ እየታረቅኩ አደግኩ። ብዙ ዘመን በማዋለጃ ክፍል ሠርቼ ነው መምህር የሆንኩት፤ ለዚህ ነው እስካሁን ሁሉም «ሲስተር» የሚለኝ። ሮቤ በዩኒቨርሲቲው ሚድዋይፈሪ አስተምራለሁ። ለተግባር ልምምድ ደግሞ ተማሪዎቼን ይዤ ጎባ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ተማሪዎቼ በጀርባዬ «ካዝና» ይሉኛል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንዲሉ፣ ስሙን መጀመሪያ ያወጣልኝ ባሌ ነው፤ ቤታችን ያለውን ጥሩ ብርጭቆ እንግዳ እንኳ ሲመጣ ስለማላወጣው። እንዴት ከቤት ወጥቶ ተማሪ ጋ እንደደረሰ አላውቅም።

ካዝናነቴ ግን ያለምክንያት አልነበረም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይገባዋል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ አንድ ሰው ይፈርምበታል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕቃው የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የዚያ ሰው ራስ ምታት ይሆናል። ቢሰበር አንተ፣ ቢጠፋ አንቺ። እኔ አንድ ጊዜ የደም ግፊት መለኪያ ጠፍቶብኝ ከንብረት ክፍል ደጃፍ ስመላለስ ጫማዬ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ማልኩ፦ የፈረምኩበትን ዕቃ ሰው አይነካብኝም። የተግባር መለማመጃ ክፍሉ መስኮት ሥር አንድ የብረት ቁም ሳጥን አለ፤ ቁልፉ በክር አንገቴ ላይ ነው። አዳዲሱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ከነፕላስቲኩ ይቀመጣል። ተማሪው በአሮጌው ይለማመዳል። ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ስንቱ የጤና መሣሪያ በዚህች አገር ፕላስቲኩ ሳይቀደድ አርጅቷል። ይህን የምለው ግን ጥፋቴን ከብዙ ሰው ጋር ለመከፋፈል አይደለም። የኔው የኔ ነው።

ሰዓዳ ወደ ክፍሌ የመጣችው በሁለተኛ ዓመቷ ነው። የአጋርፋ ገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ስትተርፍ ጆሮዋን ትቶላት አልሄደም፤ በአንዱ ምንም አትሰማም፣ በሌላው ከቅርብ የመጣ ጩኸት ያህል ትሰማለች። የቀረውን በዓይኗ ከከንፈር ላይ ታነባለች። ከፊት ወንበር፣ መስኮቱ ጋ፣ ያንን ቁም ሳጥን ተደግፋ ትቀመጥና አፌን ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ደስ አይለኝም ነበር። ሰው አፍህን አፍጥጦ ሲያይህ ጥርስህ ላይ ጎመን የቀረ ነው የሚመስልህ።

የኮሮናው ጊዜ ካለፈ በኋላም እኔ ማስኬን አልተውኩትም ነበር፤ ለሮቤ ብርድና ለባጃጁ አቧራ ጥሩ መላ ሆኖልኝ። አንድ ቀን ትምህርት መሃል እጇን አወጣች። ድምፅዋን ስለማትሰማው ከፍ ታደርገዋለች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማስኩን ቢያወርዱልኝ? አፍዎ ካልታየኝ ምንም አይገባኝም።»

ክፍሉ ሳቀ። በሷ ይሁን በኔ አላውቅም፤ እኔ ግን በኔ ነው ብዬ ወሰድኩት። ማስኩን አወረድኩት። አወረድኩትና ወደ ሰሌዳው ዞሬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ለምን ዞርኩ? ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ስላለኝ? ያን ዕለት የምጽፈው አልነበረኝም። ጠመኔውን ይዤ ባዶ ሰሌዳ ላይ ክብ እየሳልኩ ነው ያስተማርኩት። ይህም የኑዛዜው ክፍል ነው፤ ትንሿ ክፍል።

ከዚያ ጎባ ሄድን። ቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ውስጥ ተማሪ ሁሉ ነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ ፌቶስኮፑን ያቆማል፣ ያቺን ቀንድ የምትመስል ማዳመጫ፤ ጆሮውን ይደግፍባትና የጽንሱን የልብ ምት ይቆጥራል። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከተማሪው ብዙው በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሰማም። ግን ቀና ብሎ «አንድ መቶ አርባ» ይላል፤ ምክንያቱም አንድ መቶ አርባ ጤነኛ ቁጥር ነው፣ ማንም አይጠይቅበትም። እኔም ተማሪ ሆኜ ብያለሁ። ሰዓዳ ተራዋ ደረሰ። ደህናውን ጆሮዋን ደግፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ «አልሰማሁም ሲስተር» አለችኝ። በዚያ ቀን እዚያ ከቆሙት ሁሉ እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔም እውነት የተናገረችውን ለይቼ ጻፍኩባት፤ «አልቻለችም»።

ነገሩ ለስብሰባ ቀረበ። የልብ ምት መስማት ያልቻለች ሚድዋይፍ እንዴት ትመረቃለች ተባለ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም፤ የእናትና የሕፃን ነፍስ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዓዳን ራሷን አስጠርቶ በሩ አጠገብ አስቀመጣትና ወደኔ ዞረ።

«ሲስተር፣ መለማመጃ ክፍሉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። በጆሮ ሳይሆን በዓይን የሚነበብ መሣሪያ አለን?»

ነበረን። ከብዙ ወራት በፊት ከሌሎች ዕቃዎች ጋር መጥቶ የፈረምኩበት ዶፕለር ነበር፤ ሆድ ላይ ሲደረግ የጽንሱን ልብ ምት የሚያሰማ፣ ይህኛው ደግሞ ቁጥሩን ትንሽ መስኮቱ ላይ የሚያሳይ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ልጅቷ በየቀኑ ጀርባዋን የምትደግፍበት ቁም ሳጥን ውስጥ! ቁልፉ እዚያው ስብሰባ ላይ ከሹራቤ ሥር ደረቴን ይነካኝ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? እድሜዬን ሙሉ ለሰሌዳ ሳወራ የኖርኩት ሴት ያን ቀን ወደ ሰዓዳ ዞርኩ። ፊቴን አቀናሁላት። ስትለምነኝ እንደኖረችው አፌን በደንብ ከፍቼ፣ ቀስ ብዬ፣ እንድታነበው «የለም» አልኩ። አነበበችው። አንገቷን ነቀነቀች።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ ጠየቅኩት! ዕቃው ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነው? ፈርቼ ነበር። የማትሰማ ልጅ ሚድዋይፍ አትሆንም ብዬ አምኜ ነው? እሱንም አምን ነበር። እነዚህን ሁለቱን ለራሴ ስነግር ስቆይ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ከታች ያለው ሦስተኛው ግን ይህ ነው፦ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት «ማስክዎን ያውርዱ» ብላኛለች። እሷ አፌን ለማየት ለመነች፣ እኔ ቂም ያዝኩ። የአንዲት ልጅ ሙያ በኔ ኩርፊያ ተለካ። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ክብር ያለው ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ቀጥዬ ደግሞ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ጎበዝ ልጅ ናት፣ እንዳትባረር። ወደ ጤና መረጃ ትዛወር፤ እዚያ ኮምፒውተር ነው፣ ጆሮ አይጠይቅም» አልኩ። በአንድ እጄ ገፍቼ በሌላው ደገፍኳት። ስብሰባው አመሰገነኝ፤ ለአካል ጉዳተኛ የሚቆረቆር ሰው ተባልኩ። ወሬው አጋርፋ ደርሶ በሳምንቱ እናቷ አዴ ፋጡማ በአውቶብስ መጥተው ከቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። አንድ ጣሳ ማር ይዘዋል። «ልጄን ከመባረር ያዳንሻት አንቺ ነሽ አሉኝ» ብለው እጄን ያዙ። «ገለቶሚ፣ ረቢ ሲፍ ሃኬኑ» አሉኝ፤ አመሰግንሻለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ ማለታቸው ነው። ማሩን ተቀበልኩ። በልቼዋለሁ። ነጭ የባሌ ማር ነበር፣ ጥሩ ማር፤ ጥሩነቱ ነው የሚያናድደኝ። ልመልስላቸው እችል ነበር፤ ምን ብዬ?

ሰዓዳ ወደ ጤና መረጃ ተዛወረች። በግቢው ስንተላለፍ ከሩቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም ትለኛለች። እኔም ፈገግ እላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ፈገግ አልኩ። ስንቱን ቀን ቁልፌን ይዤ ወደ ኃላፊው ቢሮ ልሄድ ተነሥቼ ከመንገድ ተመለስኩ! በዘገየሁ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ያሳፍራል፤ ይበልጥ ባሳፈረ ቁጥር እዘገያለሁ።

ሰኔ ላይ የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ደረሰ። ከኔ ጋር እንዲቆጥር የተመደበው ገመቹ የሚባል አዲስ የተቀጠረ ወጣት መምህር ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩለት። ካርቶኑን አወጣ፣ ፕላስቲኩን ሳያስፈቅደኝ ቀደደ፣ አበራው።

«ሲስተር! ይሄ እኮ ቁጥሩን ያሳያል! መቼ መጣ?»

እዚህ ላይ እግዚአብሔር ሁለተኛ በር ከፈተልኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና «በቅርብ ነው» አልኩት። ሁለተኛ ውሸት። ገመቹ ግን ከኔ መልስ ጋር ጊዜ አላጠፋም፤ መሣሪያውን ታቅፎ ሮጠ። የሰዓዳን ነገር ከሌሎች ሰምቶ ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ትመለስ ብሎ ኃላፊውን ለመነ፣ ጻፈ፣ ተሟገተ። መስከረም ላይ ሰዓዳ አንድ ዓመት ወደኋላ ቀርታ ከታናናሾቿ ጋር ወደ ክፍሌ ገባች። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። «መሣሪያ አስመጥተውልኛል አሉኝ» ብላ አመሰገነችኝ። ምስጋናዋንም እንደ ማሩ ተቀበልኩ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ምስጋና ነው፤ እጄም ቀለል ይለዋል። ያቺ ልጅ ማስተማር አስተማረችኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ከጥፋተኝነት ነበር፤ ማስኬን ጣልኩ፣ ወደ ተማሪ ዞሬ መናገር ጀመርኩ። የሚጻፈውን ጽፌ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ዞሬ እናገራለሁ። የነገውን ትምህርት አዳዲስ ቃላት ከዋዜማው እሰጣታለሁ፤ ያላወቀችውን ቃል ከከንፈር ማንበብ አይቻልማ። በተግባር ፈተና ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተማሪ የሚዛወረው በደወል ነበር፤ ገመቹ መብራት ማጥፋትና ማብራት ይበቃል አለ፣ በቃ። እንዲህ ሳደርግ ወራት አለፉና አንድ ነገር ታየኝ። ከኋላ ወንበር ከሩቅ ክልል የመጣ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም የሚከብደው ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ እሱ መጠየቅ ጀመረ። ሌሎቹም ውጤታቸው አማረ። ለካ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ነበር የማስተምረው! ሰዓዳ ባትመጣ ኖሮ ግድግዳውን እንዳስተማርኩ ጡረታ እወጣ ነበር።

ጎባ ዶፕለሩን ይዛ የገባችበትን ቀን አልረሳውም። ነፍሰ ጡሯ የሲናና ገበሬ ነበረች። ሰዓዳ ጄሉን ቀባች፣ በእጇ ዳብሳ የሕፃኑን ጀርባ ፈለገች፣ መሣሪያውን አስቀመጠች። ቁጥሩ ወጣ። እናትየዋ ድምፁን ሰማች፣ ሰዓዳ ቁጥሩን አየች፤ ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። «ሲስተር፣ አየሁት!» ብላ ጮኸች፣ ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ነርሶቹ ከደስታ መሰላቸው። ደስታም ነበረበት፣ እውነቴን ነው።

ተመረቀች። ዛሬ ከአጋርፋ ወዲህ ባለ ጤና ጣቢያ ሚድዋይፍ ናት። በቀደም ተማሪዎቼን ይዤ እሷ ጋ ለልምምድ ሄድኩ። ተማሪዎቼን ፊት ለፊቷ ደርድራ «ሁላችሁም አፌ ይታያችኋል?» ብላ ጀመረች። ከዚያ ወደኔ አመለከተች። «እኔን እዚህ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሁሉም አይሆንም ሲል መሣሪያ ፈልገው ያስመጡልኝ እሳቸው ናቸው» አለቻቸው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጭብጨባው ሲያበቃ ውጭ፣ የውሃው ሮቶ ጋ ጠራኋት። ልክ ለንስሐ አባቴ እንደማደርገው አንገቴን ደፋሁ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ፣ በሹክሹክታ ሁሉንም ተናገርኩ። ጨረስኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ሲስተር፣ አፍዎ አልታየኝም። ይድገሙልኝ።»

ምንም አልሰማችም ነበር። ነጠላዬን አወረድኩ። ቀና አልኩ። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነው። «መሣሪያው ያኔም ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። አንቺን እያየሁ የለም አልኩሽ» አልኳት። እንደዚያ ከባድ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ከጨረስኩ በኋላም ከንፈሬን ስታይ ቆየች።

«የቱ ጋ ነበር?»

«መስኮቱ ሥር ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«የምደገፈው?»

«አዎ።»

ወደ ስንዴው ማሳ ዞር አለች። «ጓደኞቼ የተመረቁ ቀን ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ» አለችኝ። ከውስጥ ጠሯት፤ ምጥ የያዛት እናት ገብታለች። «ጀባዱ፣ ጀባዱ፣ በርቺ» ስትላት በመስኮት እየሰማሁ ሮቶው ሥር ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ተነሣሁ።

እጇን ታጥባ እያደረቀች ወጣች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ዓመቷን ይዤ ሳልመጣ በምን አፌ እጠይቃታለሁ? «ለኔ ነገሩኝ» አለችኝ። «ያኔ ቁጭ ብለው ለሰሙት ግን አልነገሯቸውም። ቅድም ስንገናኝ ዓይኗ የደከመ አዲስ ተማሪ አለች ብለውኛል፤ ስለሷ ስብሰባ መቼ ነው?»

«ሰኞ» አልኳት።

«እንግዲያው ሰኞ» አለችና ገባች።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ሰኞ ያቺ ዓይኗ የደከመ ልጅ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ኃላፊውም ልምድ አለዎት ብሎ መጀመሪያ እኔን ይጠይቃል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ይህን አነብባለሁ። እናንተ ጥሩ ሰው ስትሉኝ የኖራችሁ ባልደረቦቼ፣ የተሰጠኝን ምስጋና ውሰዱልኝ፤ የገመቹ ነው፣ የሰዓዳ ነው። አታጽናኑኝ። ፈርታ ነው፣ ንብረት ተፈርሞባት ነው አትበሉልኝ፤ ፈርቼም ቢሆን አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከናንተ የምፈልገው ልጅቷ ፊት ማናችንም «የለም» ከማለታችን በፊት ተነሥተን እንድንፈልግ ነው።

ሰዓዳን ግን አመሰግናታለሁ። ማስተማር ስላስተማረችኝ አመሰግናታለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይድገሙልኝ» ስላለችኝ። የመጀመሪያውን የነገርኩት ለመሬት ነበር።